የኮሚቴ ሰብሳቢን ማን ይምረጥ? ፓርቲው ወይስ ምክር ቤቱ?

ጥያቄ አቅራቢ፦
ወገኖች፣ አንድ ነገር ላንሳና እንከራከርበት። ፓርላማ ሲባል የሁላችንም ዓይን የሚሄደው ወደ ትልቁ አዳራሽ ነው። ሥራው የሚሠራው ግን ኮሚቴ ውስጥ ነው። ረቂቅ ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ የሚፈተሸው እዚያ ነው። ሚኒስትር ተጠርቶ "ይህ ገንዘብ የት ገባ?" የሚባለውም እዚያ ነው። አዳራሹ ጋ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ያለቀ ነገር ነው።

ታዲያ ያንን ኮሚቴ ማን ይምራው? በብዙ አገር የገዢው ፓርቲ አመራር ስም ጽፎ ይመጣል፣ ምክር ቤቱ እጁን ያወጣል፣ አለቀ። መንግሥትን የሚቆጣጠረውን ሰው መንግሥት ራሱ መረጠው ማለት ነው። ይህ ነገር በጭራሽ አይዋጥልኝም። ሰብሳቢዎች በመላው ምክር ቤት፣ በምስጢር ድምፅ መመረጥ አለባቸው እላለሁ።

እንግሊዞች ወደዚህ አሠራር የደረሱት በቀላሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የገዢው ፓርቲ ተጠሪዎች፣ ማለትም አባላቱን በፓርቲው መስመር የሚያስይዙት ሰዎች፣ ሁለት አስቸጋሪ ጠያቂዎችን ከኮሚቴ ዝርዝር አወጡ። አንዷ ትራንስፖርትን የምትከታተለው ግዌኔት ደንዉዲ ነበረች፤ ሌላው የውጭ ጉዳዩ ዶናልድ አንደርሰን። ሁለቱም የራሱ የገዢው ፓርቲ ሰዎች ናቸው! ምክር ቤቱ ግን እምቢ አለ፣ ዝርዝሩን በድምፅ ጣለው፣ ሰዎቹም ተመለሱ። ምደባው ግን በተጠሪዎች እጅ እንደነበረ ቀጠለ። በ2009 የአባላቱ የወጪ ቅሌት ሲፈነዳና ሕዝቡ በፓርላማው ላይ ሲቆጣ፣ በቶኒ ራይት የሚመራ ኮሚቴ የማሻሻያ ሐሳብ አቀረበ። ከ2010 ጀምሮ የአብዛኞቹ ቋሚ ኮሚቴዎች ሰብሳቢዎች በምስጢር ድምፅ ይመረጣሉ።

አሠራሩን ልብ በሉት። መጀመሪያ የሰብሳቢነት ወንበሮቹ ለፓርቲዎች በምክር ቤት መቀመጫቸው ልክ ይደለደላሉ። ለአንድ ፓርቲ በደረሰው ወንበር ላይ የሚወዳደሩት የዚያ ፓርቲ አባላት ብቻ ናቸው። ድምፅ የሚሰጠው ግን ሁሉም ነው። ስለዚህ የገዢው ፓርቲ ዕጩ የተቃዋሚዎችንም አመኔታ ማግኘት አለበት። እኔን የማረከኝ ይህ ነው።

ጠበቃው፦
ጥሩ ብለሃል፣ ግን አልስማማም። መራጩ ድምፅ የሰጠው ለፓርቲ ፕሮግራም ነው። ፓርቲው ቃሉን ሳይፈጽም ቢቀር የሚጠየቀው ራሱ ነው። ለማንም የማይታዘዝ ሰብሳቢ መሀል ላይ ተቀምጦ ረቂቅ ሕጉን ቢያፍነውስ? ሕዝቡ ማንን ይጠይቅ?

ይህ በአሜሪካ ደርሷል። ሃዋርድ ስሚዝ የሚባል የቨርጂኒያ ተወካይ ነበር። የሚመራው ኮሚቴ የትኛው ረቂቅ ወደ ምልዓተ ጉባኤ እንደሚቀርብ የሚወስነውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የጥቁሮችን መብት የሚመለከት ረቂቅ ሲመጣ ሰውዬው ዋሽንግተንን ጥሎ ወደ እርሻው ሄደ። ምክንያቱ? ጎተራዬ ተቃጠለ። ሰብሳቢ ከሌለ ስብሰባ የለም። አንድ ሰው አገር አስቆመ! በ1961 ኮሚቴውን ከ12 አባላት ወደ 15 አስፍተው ነው የሰውዬውን ጉልበት ያዳከሙት። ያም 217 ለ212 በሆነ ድምፅ፣ ለጥቂት። ሰብሳቢን ከፓርቲው ነፃ ማድረግ እንዲህም ያደርጋል።

ጥያቄ አቅራቢ፦
ወንድሜ፣ ስሚዝን ማን መረጠው? ማንም። ወንበሩን ያገኘው ብዙ ዓመት በመቀመጥ ነው። በዕድሜ ብዛት የመጣን ሰው በድምፅ ከመጣ ጋር አታወዳድርብኝ። እንዲያውም በ1975 የስሚዝ ፓርቲ የነበሩት ዴሞክራቶቹ በሰብሳቢዎቻቸው ላይ በምስጢር ድምፅ ሲሰጡ ሦስት አንጋፋ ሰብሳቢዎች ወንበራቸውን አጡ። ድምፅ ሲመጣ የማይነቃነቀው ተነቃነቀ።

ጠበቃው፦
ያ ድምፅ እኮ የምክር ቤቱ አይደለም። የፓርቲው ውስጣዊ ስብሰባ ነው። ፓርቲው የራሱን ሰው አነሳ። ምሳሌህ የእኔ ነው!

ጥያቄ አቅራቢ፦
እሺ፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። የምስጢርነቱን ጥቅም ግን ያሳያል። እጅ አውጡ ቢባል ማን ያወጣ ነበር?

ኦዲተሯ፦
እናንተ ስለ ሁሉም ወንበር ትከራከራላችሁ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ አንዱ ነው። የሂሳቡ። የመንግሥትን ወጪ የሚመረምረውን ኮሚቴ ተቃዋሚ ይምራው፣ በቃ። የእንግሊዝ የሂሳብ ኮሚቴ ከ1861 ጀምሮ ያለ ነው፤ በልማድ ሰብሳቢው ከተቃዋሚ ነው። ሕንድ ከ1967 ወዲህ እንደዚያው ታደርጋለች። ፈረንሳይ በ2009 የፋይናንስ ኮሚቴውን ወንበር ለተቃዋሚ እንዲሆን በምክር ቤቱ ደንብ ላይ ጻፈችው። ፈረንሳይ እኮ በ1958 ሕገ መንግሥት ኮሚቴዎቿ ከስድስት እንዳይበልጡ አስራ የያዘች አገር ናት፤ በ2008 ነው ወደ ስምንት ያሰፋችው። እሷ እንኳ መጣች።

ደግሞ ሌላ ነገር። የኦዲት ግኝት ቀርቦ፣ የሥራ ኃላፊው "እናስተካክላለን" ብሎ፣ በዓመቱ ያው ግኝት ቃል በቃል ተመልሶ ሲመጣ አይቻለሁ። ሰው ያቃጥላል። ኮሚቴው ለሪፖርቱ የጽሑፍ መልስ የመቀበል መብትና ቀነ ገደብ ከሌለው ሰብሳቢው ማንም ቢሆን ዋጋ የለውም። እንግሊዞች መንግሥት በሁለት ወር ውስጥ እንዲመልስ ይጠብቃሉ። እኔ ይህን በደንብ ላይ ጻፉልኝ ነው የምለው።

የቀድሞ የኮሚቴ ጸሐፊ፦
ልጆች፣ ወንበር ወንበር ትላላችሁ። እኔ ለዓመታት ቃለ ጉባኤ የያዝኩ ሰው ነኝ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንድ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት አመታዊ ሪፖርት ሊገመገም ስብሰባው ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ሰነዱ የደረሰን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወፍራም ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ድምፅ አለው። አባላቱ ሽፋኑን ገለጡ፣ ማውጫውን አዩ፣ ስብሰባው ተጀመረ። ከመሥሪያ ቤቱ በኩል ኃላፊው ከመምሪያ ኃላፊዎቹ ጋር አንድ ሙሉ ረድፍ ይዞ ተቀምጧል። ከእኛ በኩል አንድ ባለሙያ ብቻ። እሱም የሦስት ኮሚቴ ባለሙያ ነው። አንዲት አባል ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች፤ መልሱ "ገጽ 212 ላይ ተመልክቷል" ሆነ። ገጹን ፈልጋ እስክታገኝ ዕድሉ ለሌላ ተሰጠ። ስታገኘው መልሱ እዚያ አልነበረም። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን "ጥያቄው ተመልሷል" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እና ሰነድ ከስብሰባው ቢያንስ አሥር ቀን በፊት ይግባ። ካልገባ ስብሰባው ይተላለፍ፣ መተላለፉም ከነምክንያቱ ለሕዝብ ይነገር። ለእያንዳንዱ ኮሚቴ የራሱ ባለሙያዎች ይቀጠሩ። አባል በአንድ ኮሚቴ ይወሰን፣ የምክር ቤቱን ዘመን ሙሉም እዚያው ይቆይ። ሕንድ በ1993 ሚኒስቴሮችን የሚከታተሉ ቋሚ ኮሚቴዎች ስታቋቁም ጥሩ አድርጋ ነበር፤ ግን የአባላቱ ዘመን አንድ ዓመት ነው። በአንድ ዓመት ሰው የመሥሪያ ቤቱን በሮች እንኳ ለይቶ አይጨርስም።

ተማሪ፦
ጋሼ፣ የሚያስተምር ነገር ነው የነገሩን። አንድ ጥያቄ አለኝ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ቢሆን ያ ኃላፊ "ገጽ 212" ብሎ ያመልጥ ነበር?

ጋዜጠኛዋ፦
አያመልጥም ነበር፤ ቢያንስ እኔ ገጹን አወጣው ነበር። ግን ነገሩ ሁለት መልክ አለው። የጀርመን ኮሚቴዎች በአብዛኛው የሚሰበሰቡት በር ዘግተው ነው፤ ሰዎቹ ካሜራ ሳያያቸው ስለሚደራደሩ ለተቃዋሚም ይለቃሉ ይባላል። ኒውዚላንድ ደግሞ ከ1985 ማሻሻያ ወዲህ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ረቂቅ ወደ ኮሚቴ ትመራለች፣ ዜጋው አስተያየቱን በጽሑፍ ያስገባል፣ ቀርቦም ይናገራል፣ በሩም ክፍት ነው። እኔ ምስክርነትና ጥያቄ በአደባባይ፣ የሪፖርት ረቂቅ መጻፍ በዝግ ይሁን ባይ ነኝ። በር ላይ ቆመን "አልቋል፣ በሰላም ተጠናቋል" የምንባልበት ነገር መቆም አለበት።

ጠበቃው፦
ጋሼ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ወደ ወንበሩ ልመለስ። ሰብሳቢው ማን እንደሆነ ሳይሆን አናሳው ምን ማስገደድ እንደሚችል ነው ቁም ነገሩ። በጀርመን የምክር ቤቱ ሩብ አባላት ከጠየቁ መርማሪ ኮሚቴ የግድ ይቋቋማል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ነው። አብላጫው ፈለገም አልፈለገም! ወንበሩን ለፓርቲዎች ተዉላቸው፤ መጥሪያ የማውጣት መብት ለሩቡ ስጡ። ሰብሳቢው የፈለገውን ያህል ታማኝ ካድሬ ቢሆን ሚኒስትሩ ይቀርባል።

ጥያቄ አቅራቢ፦
ይህ ከሁሉም የተሻለው ነጥብህ ነው፣ ወደ እኔም ሐሳብ እጨምረዋለሁ። ግን አንድ ነገር መልስልኝ። ገዢው ፓርቲ ዘጠና በመቶ መቀመጫ የያዘበት ምክር ቤት ቢኖርስ? ሩቡ ከየት ይመጣል? እዚያ ውስጥ ቅሬታ ያለው ሰው ያለው ገዢው ፓርቲ ውስጥ ብቻ ነው፤ እጁን አውጥቶ ግን አይናገርም። የምስጢር ድምፅ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

በ2020 እንግሊዝ ውስጥ የሆነውን አስታውስ። የደኅንነት ጉዳዮች ኮሚቴ ዘጠኝ አባላት አሉት፣ ሰብሳቢያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን የፈለጉት ክሪስ ግሬይሊንግን ነበር። ከዚያው ከገዢው ፓርቲ ጁሊያን ልዊስ ተወዳድሮ በተቃዋሚዎች ድምፅ አሸነፈ።

ጠበቃው፦
በዚያው ቀንም ከፓርቲው የምክር ቤት ቡድን ተባረረ። እሱን ለምን ዘለልከው?

ጥያቄ አቅራቢ፦
አልዘለልኩትም፣ ልመጣበት ነበር። ተባረረ፣ ወንበሩን ግን አላጣም። በዓመቱ መጨረሻ ላይም ፓርቲው መልሶ ተቀበለው። ሊያባርሩት የቻሉት ከፓርቲው እንጂ ከኮሚቴው አይደለም። እኔ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ጠበቃው፦
የዘጠና በመቶውን ነገር አላሰብኩበትም ነበር፣ እውነቴን ነው። እንግዲያው ሩቡን ትቼ አሥር በመቶ ልበል? እሱም ላይሞላ ይችላል። የሂሳብ ኮሚቴውን ለተቃዋሚ፣ የሌሎቹን ደግሞ በምስጢር ድምፅ ብንል ልስማማ እችላለሁ። ግን ሰብሳቢውን የመረጠው ምክር ቤት የማንሳትም ሥልጣን ይኑረው፤ ጎተራው ተቃጥሎበት የሚጠፋ ሰብሳቢ አልፈልግም።

የቀድሞ የኮሚቴ ጸሐፊ፦
ማንሳቱም በምስጢር ድምፅ ይሁን፤ ለማንሳትም ከማንገሥ የበለጠ ድምፅ ይጠየቅ፣ አለበለዚያ ጠንከር ያለ ጥያቄ በጠየቀ ማግስት ይነሳል። አሥሩን ቀን ደግሞ እንዳትረሱብኝ።