ጥቆማ፦ በክረምት ዝዋይ ደሴቶች፣ ላንጋኖና ወንጪ፤ መኪና፣ ጀልባና ማደሪያ

የልጆች እናት፦ ሰላም ወገኖች። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከእናቴና ከሴት ልጆቼ ጋር ከዋሽንግተን እንመጣለን። ክረምት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ልጆቹ ረዘም ያለ እረፍት የሚያገኙት ያኔ ነው። ሐሳቤ ደሴት ደሴቱን መዞር ነው። መጀመሪያ ዝዋይ ወርደን የቱሉ ጉዶን ደሴት ማየት፣ ከዚያ ላንጋኖ ማደር፣ በመጨረሻ ወንጪ ሐይቅ ውስጥ ያለውን ቂርቆስ ገዳም መሳለም። መኪና ከነሹፌሩ ልከራይ ወይስ ራሴ ልንዳ? ጀልባስ ከማን ይሻላል? ማደሪያ ባቱ (ዝዋይ ከተማ) ወይስ ላንጋኖ? እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ እሱንም አስቡልኝ።

የመቂው ልጅ፦ እንኳን በደህና ትመጪ እህቴ። በክረምት ዝዋይን መምረጥሽ ጥሩ ነው። ስምጥ ሸለቆው እንደ አዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ አይዘንብበትም። መንገዱም ቀላል ነው፤ በአዳማው ፈጣን መንገድ እስከ ሞጆ፣ ከዚያ በሞጆ ባቱ ፈጣን መንገድ ትወርጃለሽ። ጀልባውን ግን በጠዋት ያዙ። ሐይቁ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቶሎ ይመጣል። ቱሉ ጉዶ ደግሞ ከሁሉም ሩቋ ናት።

ሳሪስ፦ ሹፌር ያዢ። በአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ብቻ መንዳት ጣጣ አለው። ስትዋዋዪ ነዳጁ፣ የሹፌሩ አበልና አልጋው ዋጋው ውስጥ መኖሩን አስረግጠሽ ጠይቂ። የኪሎ ሜትር ገደብ ካለውም በጽሑፍ ይሁን። ጭቅጭቁ ሁሌ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቤቲ፦ ስለ ጀልባ ካነሳችሁ እኔ ልናገር። አምና ከእህቶቼ ጋር ዝዋይ ሄደን ወደቡ ላይ አንድ ሰው አገኘን። ዋጋ ተነጋገርን፤ ደርሶ መልስ ብሎ ተስማማ። ደሴቷ ላይ አውርዶን ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን ስንመለስ «የተነጋገርነው ለመሄጃ ብቻ ነው» አይለንም! ክርክሩ እስኪያልቅ ነፋሱ ተነሳ። ላይፍ ጃኬት ከአምስታችን ለሁለታችን ብቻ ነበር። ውሃው እየገባ፣ ታናሽ እህቴ እያለቀሰች፣ እሱ ስልክ እያወራ ነው የመለሰን። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ ስሰማ ሆዴ ይረበሻል። ልጆች ይዘሽ እንዳትሞክሪው።

አቤል፦ ይሄ ነገር እኔም ላይ ደርሷል፣ ሌላ ቦታ ቢሆንም።

የመቂው ልጅ፦ ቤቲ በጣም አዝናለሁ፤ የደረሰባችሁ ነገር ልክ አይደለም። ግን በአንድ ሰው ሐይቁ ሁሉ አይኮነን። ቀብድ ብቻ ከፍላችሁ ቀሪውን ስትመለሱ ስጡ። ብቻውን ቆሞ ከሚጠራችሁ ይልቅ በማኅበር ከሚሠሩት ተዋዋሉ። ዋጋው ለጀልባው ይሁን ለሰው ቁጥር፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ስንት ደሴት እንደሚያወርዳችሁ ቀድሞ ይነገር። ላይፍ ጃኬቱን ደግሞ ሳትሳፈሩ ቁጠሩ።

ቤቲ፦ ወንድሜ፣ የራስህ አገር ስለሆነ ነው የምትከላከለው። እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

የጉዞ ማኅበርተኛ፦ ለምን ትለፋላችሁ? የእኛ ሰፈር የጉዞ ማኅበር በየዓመቱ ያዘጋጃል። ከእነሱ ጋር ሄዳችሁ የሚጎድልባችሁ የለም። መዝሙር አለ፣ ስብከት አለ፣ ቆሎና ዳቦ አለ። እኔ ከእነሱ ውጪ ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም፤ መውጣትም አልፈልግም።

ሳሪስ፦ አውቶብሱ የባልቴቷን ጉልበት ይችላል ወይ ነው ጥያቄው።

የጉዞ ማኅበርተኛ፦ ይችላል። የሰማንያ ዓመት እናቶች ከእኛ ጋር ይሄዳሉ።

ማሂ፦ ባቱ ከገባሽ ዓሣ ሳትበዪ እንዳትወጪ። ቆሮሶውን ሙሉውን አስጠብሺ፣ ሾርባውንም ቅመሺ። ማደሪያ ደግሞ ኃይሌ ሪዞርት። ኃይሌ ካለ እኔ ሌላ ሆቴል ዋጋ እንኳን አልጠይቅም።

አቤል፦ ሐምሌ መጨረሻ ብላለች እኮ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ዓሣ በጾም?

ማሂ፦ ዓሣ ምን አለበት? ቤታችን ሲበላ ነው ያደግሁት።

አቤል፦ ቤታችሁ ስለተበላ አይፈቀድም። ፍልሰታ ደግሞ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም ነው።

የጉዞ ማኅበርተኛ፦ የንስሐ አባትን መጠየቅ ነው። እዚህ ክርክር አያስፈልግም።

ሰሚት፦ ሴትየዋ ስለ ጀልባ ጠየቀች፣ እናንተ ሲኖዶስ ሆናችሁ ተሰየማችሁ። ጉባኤው ሲያልቅ የመኪናውን ነገር ንገሯት።

ባሕር ዳር፦ ደሴት ማለት ጣና ነው። ዝዋይ አምስት ደሴት ይዞ ከጣና ጋር ሊወዳደር አይችልም። ናርጋ ሥላሴን እቴጌ ምንትዋብ ነው ያሠሩት። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሉ ብቻ ይበቃል። የዘጌ ቡና አለ። ጢስ ዓባይ ደግሞ የሚያምረው በክረምት ነው፤ በበጋ መጥተሽ ብታይው ታዝኛለሽ።

ሰሚት፦ ጣና ውስጥ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። እሷ ከእናቷና ከሴት ልጆቿ ጋር ነው የምትሄደው። ደጅ ሊያስቀምጧቸው ነው?

ባሕር ዳር፦ የጠቀስኳቸው ሁለቱ ይገባል። አንብበሽ መልሺ።

ሳሪስ፦ ጣና ልብ ይነካል፤ እሱ ላይ አልከራከርም። በአሁኑ ጊዜ ግን በመኪና አይሞከርም። ከሆነም በአውሮፕላን፣ እሱም እዚያ ካለ ዘመድ ጋር ተነጋግሮ ነው።

የልጆች እናት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቤቲ፣ ስላካፈልሽኝ ተባረኪ፤ በጣም ነው ያስጨነቀኝ። ለእናቴ ቱሉ ጉዶ ይከብዳል ወይ? ወንጪስ?

የመቂው ልጅ፦ የቱሉ ጉዶ ቤተ ክርስቲያን ማርያም ጽዮን ኮረብታው አናት ላይ ናት፤ መውጣት አለው። በዮዲት ጉዲት ዘመን ጽላቱና መጻሕፍቱ ከአክሱም ሸሽተው የመጡት እዚያ ነው ይባላልና እናትሽ «ሳልሳለም አልመለስም» ማለታቸው አይቀርም። ጉልበታቸው ካልፈቀደ ደብረ ሲናና ገሊላ የሚባሉት ደሴቶች ቅርብ ናቸው። መንገድ ላይ ጉማሬም ወፍም ታያላችሁ፤ ወደቡ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ሞልቷል፣ ልጆቹ ይወዱታል። ደሴቶቹ ላይ የዛይ ሕዝብ እንዳለ፣ የራሱ ቋንቋ እንዳለውም ንገሪያቸው። ብዙዎቹ ዛሬ መቂና ባቱ ናቸው፣ የእኔም አያት እንደዚያው። ሐይቁ ውስጥ ግን አይዋኙ፤ ቢልሃርዚያ አለበት። መዋኘት ላንጋኖ ነው። ውሃው ቡናማ ስለሆነ እንዳይደነግጡ፤ ቀለሙ ነው።

ወንጪ ናፋቂ፦ ወንጪን ከዝዋይ ጋር በአንድ መስመር አትቁጠሪው። እሱ በአምቦና በወሊሶ መካከል ነው፣ ተመልሰሽ በሌላ በር ነው የምትወጪው። የራሱን ቀን ስጪው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ላንጋኖ በቲሸርት የነበሩ ልጆች እዚያ ጋቢ ይጠይቁሻል። በሐምሌ ጉሙ ከወረደ ሐይቁን ሳታዪ ልትመለሺ ትችያለሽ። ጉሙ ሲገለጥ ግን ምን ልበልሽ፣ አረንጓዴው ዓይን ይሞላል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ያለው ዝም ብሎ አይደለም። ለእናትሽ ፈረስ አለ። ረጋ ያለ ፈረስ ምረጪ፣ ልጓሙን ባለቤቱ ይያዝ።

አቤል፦ በጭቃ ፈረስ ላይ አሮጊት? እኔ አልመክርም።

ወንጪ ናፋቂ፦ እናቴን ወስጃለሁ ወንድሜ። በክረምት።

ማሂ፦ ኃይሌ ሪዞርት ብያለሁ፤ መልስ የሰጠኝ የለም።

ሳሪስ፦ ለወንጪ ቪትዝ እንዳታስይዙሽ። ከፍ ያለ መኪና ይሁን፣ ጎማውን እዩ፣ መጥረጊያው መሥራቱን በውሃ ሞክሩት። ሹፌሩን ከመዋዋልሽ በፊት በስልክ አናግሪው። መንገዱን የሚያውቅ ከሆነ ስለ መንገዱ ሁኔታ አንቺ ሳትጠይቂው ይነግርሻል። ለመነሳት አንድ ቀን ሲቀርሽም እንደገና ደውዪለት።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ እግረ መንገዴን። ላንጋኖ ላይ ድንኳን የሚያከራይ የምታውቁ አላችሁ? በክረምት ይሠራሉ?

ቤቲ፦ ጀልባ ከሌለው ሂጂ።