ወይን ጠጅ ስትሉ የትኛውን? ሐዋሳ ላይ የሰርግ ቀለም ለምትመርጡ ጥቆማ

ታናሽ እህቴን ባለፈው ጥር ዳርናት። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። «ቀለሙን ማን መረጠላችሁ?» «ጨርቁን ከየት ገዛችሁ?» «ዲኮሩ ስንት ፈጀ?» ለእያንዳንዷ መመለስ ስለከበደኝ ያየሁትን እዚህ ላስቀምጠው። የዲኮር ቤት ስም አልጠራም። ያው ቤት ጥር ላይ ሌላ ነው፣ ሰኔ ላይ ሌላ። ይልቅ የቱን አማራጭ ለምን እንደምትይዙና ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጉዳችንን ልናገር። እህቴ «ወይን ጠጅ ይሁንልኝ» አለች። ሁላችንም «ያምራል» አልን። ልብስ ሰፊዋ ወይን ጠጅ ስትባል የገባት ቀዩ ወይን ነው፤ ቡርገንዲ የሚሉት። ዲኮሩን የያዘው ልጅ የገባው ደግሞ ሐምራዊው። ሁለቱም አልተሳሳቱም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሁለቱንም ወይን ጠጅ ነው የምንላቸው። ዋዜማው ማታ አዳራሹን ልናይ ስንገባ ሠላሳ ጠረጴዛ ሙሉ ወንበር ሐምራዊ ሪባን ታስሮበታል። የአምስቱ ሚዜዎች ቀሚስ ቤት ተሰቅሎ ይጠብቃል፣ ቀይ ወይን። እናቴ አንድ ቃል ሳትናገር ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

ሪባኑን አንድ በአንድ ፈታነው። ነጩ የወንበር ልብስ ብቻውን ቀረ። በየጠረጴዛው መሃል ቀይ ጽጌረዳና አረንጓዴ ቅጠል አደረግን። ስንጨርስ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል። በማግስቱ እንግዳው ሁሉ «እንዴት ያለ ንጹሕ ዲኮር ነው!» ሲል ዋለ። እኛም «እህቷ ናት የመረጠችው» እያልን ምስጋናውን ተቀበልን።

ስለዚህ ቀለም በስም አትዘዙ። በስልክ ፎቶም አትዘዙ። ፎቶው ላይ ፊልተር አለ፣ የእያንዳንዱ ስልክ ስክሪንም የራሱን ቀለም ነው የሚያሳየው። የሚዜ ቀሚሱን ጨርቅ ቀድማችሁ ግዙ። ከዚያ መዳፍ የሚያህል ስድስት ሰባት ቁራጭ ቁረጡ። አንዱን ለዲኮር፣ አንዱን ለኬክ ቤት፣ አንዱን ለአበባ፣ አንዱን ለጥሪ ካርድ፣ አንዱን ሙሽራው ሱፍ ለሚያሰፋበት ቤት ስጡ። የዲኮሩን ቁራጭ ከውሉ ጋር በስቴፕለር አያይዙት። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ነው ታዲያ። ከቀብድ በኋላማ ሁሉም «እሺ፣ ምንም ችግር የለም» ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ብዙዎቻችን «የምትወጂው ቀለም ምንድን ነው?» ከሚለው እንጀምራለን። እኔ አሁን ብጀምር ከማይቀየረው ነገር ነው የምጀምረው። የአዳራሹ ምንጣፍ አይቀየርም። መጋረጃው አይቀየርም። ሐይቁም አይቀየርም።

ሆቴል አዳራሽ ከያዛችሁ አንድ ቀን በቀን፣ አንድ ቀን በማታ ሂዱና እዩት። መብራቱ በርቶ ማየት አለባችሁ። ቢጫ የሚያደላ አምፖል ነጩን ወደ ክሬም ይወስደዋል፣ ውሃ ሰማያዊውን ያጠወልገዋል። እኛ ካየናቸው አዳራሾች አንዱ ምንጣፉ ደማቅ ቀይ፣ መጋረጃው ወርቃማ ነበር። እዚያ ውስጥ ሮዝ ብታስገቡ ከቀዩ ጋር ይጣላል። እንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ ነጭ፣ ክሬምና ወርቃማ ይዛችሁ ብትገቡ ምንጣፉ ራሱ የእናንተ ቀለም ይሆንላችኋል፤ ብርም ይተርፋል።

ሐይቅ ዳር ለሚያስቡ ነገሩ ሌላ ነው። ኃይሌ ሪዞርትም ሌዊ ሪዞርትም ውሃው ዳር ናቸው፤ ዛፍና ሣር አላቸው። እዚያ አረንጓዴና ሰማያዊ በነፃ ተሰጥቷችኋል። ስለዚህ አረንጓዴ የሚዜ ቀሚስ ሣሩ ላይ ይጠፋል። ጥቁር አረንጓዴ ከሆነማ ዛፉ ሥር ፊት ብቻ ነው የሚታየው። ፒች፣ ብርቱካናማ፣ ሰናፍጭ ቢጫ፣ ቀይ ወይን ግን ብቅ ይላሉ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው በውሃው ላይ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ወርቅ ይመስላል። ያን ሰዓት ክሬምና ፒች የሚያምሩትን ያህል ሌላ ቀለም አያምርም። ፎቶ አንሺውን ግን ቀድማችሁ አነጋግሩት። ሐይቁን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ከቆማችሁ ፀሐይዋም ከጀርባችሁ ናት፤ ፊታችሁ ይጨልማል፣ ጥቁር ሱፍ ደግሞ እንዳለ ጥላ ይሆናል።

ግቢ ውስጥ ድንኳን ለምትጥሉ አንድ ነገር ብቻ። የድንኳኑን ጣሪያ ቀለም ጠይቁ። ሰማያዊ ድንኳን ሥር ቀን የተነሳ ሰው ሁሉ ፊቱ ሰማያዊ ነው። ነጭ ድንኳን ካልተገኘ ጣሪያውን ከውስጥ በነጭ ጨርቅ አልብሱት። ሌላው ይቅር፣ ይሄ ግን አይቅር። መሬቱ ላይ የሚጎዘጎዘውን ቄጠማም እንደ ቀለም ቁጠሩት። ከነጭ ጋር ሆኖ ብቻውን ይበቃል።

ዲኮር የሚሠራው ማን ይሁን? ሦስት መንገድ አየን። ሆቴሉ ራሱ ከአዳራሹ ጋር የሚሰጠው አለ። ይሄ ድካም የለውም፣ ቀለሙ ግን መጋዘን ውስጥ ያለው ነው። ነጭ፣ ወርቃማ፣ ቀይ ከፈለጋችሁ ውሰዱት። የተለየ ቀለም ከፈለጋችሁ አትጨቃጨቁ፣ የላቸውም። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣ የዲኮር ቤት ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ምርጫው ግን ሰፊ ነው። ሦስተኛው ጨርቁን ራሳችሁ ገዝታችሁ፣ ዘመድ ሰብስባችሁ መሥራት ነው። ለመልስ ወይም ለቅልቅል ይሄኛው ይበቃል። ለዋናው ሰርግ ግን አልመክርም። የሙሽራዋ እህት ሆኜ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሪባን ስፈታ የተማርኩት ነው።

የውጭውን ከያዛችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። «በዚያ ቀን ስንት ሰርግ አላችሁ?» ጥር ላይ ይሄ ትልቁ ጥያቄ ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ሰርጉ ሁሉ እዚያ ላይ ይከመራል። አንዱ ቤት በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሦስት ሰርግ ሲይዝ የወንበር ሪባኑ ይከፋፈላል። ከዚያ ግማሹ አዳራሽ አንድ ዓይነት ቀይ፣ ግማሹ ሌላ ቀይ ይሆናል። «የዚህ ቀለም ስንት ፍሬ አላችሁ?» በሉ፤ 300 እንግዳ ካላችሁ 300 ፍሬ ቆጥረው ያሳዩ። ሦስተኛው፣ «ያለ ፊልተር፣ በቀን ብርሃን የተነሳ ሥራችሁን አሳዩን።» ይሄን ስትሉ ስልኩን ቶሎ የሚያወጣውንና የሚያንገራግረውን እዩ።

በነገራችን ላይ ጴንጤ ወዳጆቻችን ሐዋሳ ላይ አንድ ዕድል አላቸው። በሁዳዴ መዳር ስለሚችሉ አዳራሹም ዲኮሩም ያኔ ይገኛል፣ ዋጋም ለመደራደር ይመቻል። እኛ ኦርቶዶክሶቹ ተሰልፈን ጥርን እንጠብቃለን።

ስለ ጨርቅ ረዘም ላድርገው፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። አምስት ሚዜ ካለ ለእያንዳንዷ አራት ሜትር ብናስብ ሃያ ሜትር ነው፤ ሁለት ሜትር ለትርፍ። ሁሉም ከአንድ ጣቃ መቆረጥ አለበት። ሁለት ጣቃ አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ኖሯቸው ቀለማቸው ትንሽ ይለያያል፤ የተነከሩበት ቀን ስለሚለያይ። ሱቅ ውስጥ አይታይም። ሚዜዎቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው የሚታየው። ሐዋሳ ገበያ ላይ ችግሩ ይሄ ነው፤ ጨርቁ ጥሩ ነው፣ አንዱ ጣቃ ላይ የቀረው ግን አሥር ሜትር ሊሆን ይችላል። ባለሱቁ «ሌላ ጣቃ አለ፣ ያው ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም። መርካቶ ሙሉ ጣቃ ማግኘት ይቀላል። ግን አዲስ አበባ ሄዶ መመለስ፣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሁለት ጊዜ ነው። እኛ መጀመሪያ እዚህ ፈለግን። የተለመደ ቀለም ከሆነ እዚሁ ይገኛል። እንደ ዛገ ብርቱካናማ ወይም እንደ ደረቀ ጽጌረዳ ያለ ቀለም ከሆነ ግን ጊዜ አታባክኑ፣ መርካቶ አንድ ሰው ላኩ። ቁራጩን ይዞ እንዲሄድ ብቻ።

ጨርቅ ስታዩ ሱቁ ውስጥ አትወስኑ። ወደ በሩ አውጡት፣ ፀሐይ ላይ እዩት። ሳቲንና ሺፎን ደግሞ በአንድ ቀለም ቢነከሩም አንድ አይመስሉም። ሳቲኑ ያበራል፣ ሺፎኑ ይደበዝዛል። ሁለቱን ልትቀላቅሉ ከሆነ ሆን ብላችሁ ይሁን።

ክራቫት አትፈልጉ። ሁለት ቀን ሱቅ ለሱቅ ዞረን የሚገጥም አላገኘንም። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ከትርፉ ጨርቅ ለወንዶቹ ሚዜዎች ክራቫትና የኪስ መሐረብ ሰፋችልን። ከቀሚሱ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ እግሬ አይነቃም ነበር።

ለመልስ የሐበሻ ቀሚስ የምታሠሩ ከጥለቱ ጀምሩ። ሽሮ ሜዳ ብታዙም፣ የዶርዜ ሸማኔ ብታውቁም፣ የሚሠራው ባለው ክር ነው። ፎቶ አታሳዩት፤ ክሩን አስመርጡ። የእጅ ፈትል ጥጥ ወደ ክሬም ያደላል፣ የቬሎው ነጭ ደግሞ ወደ በረዶ። ሁለቱን አንድ ቀን ጎን ለጎን የምትለብሱ ከሆነ የቬሎው ነጭ አዲሱን ፈትል ያደረ ያስመስለዋል። በተለያየ ቀን ከሆነ ችግር የለውም።

አበባ፦ የተፈጥሮውና አርቲፊሻሉ ብዙ አከራክሮናል። ባቱ አካባቢ ትልልቅ የጽጌረዳ እርሻ ስላለ ትኩስ ጽጌረዳ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ብርቱካናማ ይገኛል። ሰማያዊ ጽጌረዳ ግን የለም፤ ያያችሁት ቀለም የተነከረ ነው። ሰማያዊ የሰርግ ቀለም የመረጣችሁ አበባውን ነጭ አድርጉት፣ ትገላገላላችሁ። ትኩሱን የሙሽራዋ እቅፍና የሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ፣ አርቲፊሻሉን ከፍ ብሎ በሚሰቀለው ቦታ አድርጉ። ከሩቅ ማንም አይለየውም።

መብራት፦ ዲጄው የሚያመጣውን ሐምራዊና አረንጓዴ መብራት ከሙሽሮቹ ፊት አርቁ። የእኛን ፊት አመድ ያስመስለዋል። ጭፈራው ላይ እንደፈለገ ያብራ።

ኬክ፦ ደማቅ ቀለም ያለው ክሬም አድሮ ይጠቁራል። ሐምራዊ ደግሞ ብርሃን ላይ ሲቆይ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል። ነጭ ኬክ ላይ ሪባን ወይም አበባ ይሻላል።

አንዷ «እናቴ ጥቁር የሚዜ ቀሚስ አይሆንም አለችኝ» ብላ ጠይቃኛለች። የእኔም እናት እንደዚያው ናት። «ሐዘን ነው እንዴ?» አለችን። እህቴ «ካባውስ ጥቁር አይደል?» ብላ ተከራከረች። «ካባ ካባ ነው» አለች እናቴ፣ አለቀ። እኔ ከእናቶች ጋር ነኝ። ፎቶው ላይ ቢያምርም አክስቶች ሁሉ ቀኑን ሙሉ እሱን ሲያወሩ ይውላሉ። ጥቁር የምትወዱ ጥቁር ሰማያዊ ውሰዱ። ማታ ላይ ልዩነቱ አይታይም፣ ቀን ላይ ደግሞ ማንም አይከፋም። ነጭ ቬሎም ቢሆን የጥንት ሕግ አይደለም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 እ.ኤ.አ. ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ ነው ፋሽኑ የተስፋፋው። ክሬም ያማረሽ ክሬም ልበሺ።

ሌላዋ «ፎቶውን የት እናንሳ? አሞራ ገደል ወይስ ፍቅር ሐይቅ?» ብላለች። አሞራ ገደል ትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ስላላቸው ቀለሙ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ፍቅር ሐይቅ ውሃው ይታያል፣ ሰው ግን ይበዛል። አሞራ ገደል ከሆነ እቅፍ አበባሽን ከጦጣ ጠብቂ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍም ከጀርባሽ መጥቶ ይቆማል። ጥቁርና ነጭ ለብሷል፣ ያልተጠራ ሚዜ ነው የሚመስለው። እኛ አንዱን ፎቶ ላይ እንዳለ ተውነው፣ ከሁሉም የተወደደው ፎቶ እሱ ሆነ።

ከጨርቁ ሁለት ሜትር ያህል ተርፎኛል። ለናሙና የምትፈልግ ካለች መጥታ ትውሰድ። ቀይ ወይን ነው፤ ሐምራዊ አይደለም።