የወንድሜ ሎተሪ በአንድ ቁጥር አመለጠው፤ "ቁጥሩን እናስተካክለው" የሚለውን ሰው እንዴት ላስጥለው?

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ የገዛው ሎተሪ ከትልቁ ዕጣ በአንድ ቁጥር ተለየ። የወጣው 8 ነው፣ የሱ 3። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። አሁን ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ አንድ ሰው "3ን በምላጭ ፍቆ 8 ማድረግ ቀላል ነው፣ አዲስ አበባም የሚቀበለን ሰው አለኝ" ብሎ ቀብድ ጠይቆታል። ወንድሜ ወይፈኑን ለቅዳሜ ገበያ ሊያወጣ ነው። ስከለክለው "መንግሥት ምን ይጎድልበታል?" ይለኛል። አባታችን አርፈዋል፣ ከቤት የሚፈራው ሰው የለም። ምን ብዬ ላስረዳው?

የቡሬ ልጅ፦
እህቴ፣ ለዓመታት ሎተሪ ያዞርሁ ሰው ነኝ። ባለ 8ቱ ትኬት ሌላ ቦታ አለ። ተሽጦ ከሆነ ባለቤቱ ይዞት ይመጣል፤ ካልተሸጠም ትኬቱ የት እንደቀረ ይታወቃል። በየትኛውም መንገድ የወንድምሽ ወረቀት ከእውነተኛው ጋር ፊት ለፊት መግጠሙ አይቀርም።

ወረቀቱ ራሱም ያጋልጣል። በምላጭ የተፋቀ ቦታ ወደ ፀሐይ ሲይዙት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ጣት ሲያስኬዱበት ይሻክራል። አዲሱ ቀለም በተላጠው ወረቀት ውስጥ ስለሚሰርግ የቁጥሩ ጠርዝ ይደበዝዛል። እኔ እንኳ ለትንሽ ዕጣ የመጣልኝን ትኬት ሳላገላብጥ አልከፍልም ነበር። ሚሊዮን የሚከፍል ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያየው አስቢው።

ዳሞት፦
ሥራዬ ሕግ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትም ሆነ በሰነዱ መገልገል ወንጀል ነው። አታላይነት ደግሞ በአንቀጽ 692 እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። "ብሩን አልተቀበልሁም" ማለት አያድነውም፣ ሙከራውም በአንቀጽ 27 ያስጠይቃል። መስኮቱ ላይ ቆሞ መታወቂያውን የሚሰጠው ወንድምሽ ነው፤ ያ ሰው በዚያ ሰዓት አጠገቡ አይኖርም። እስካሁን ወንድምሽ ምንም አልሠራም፣ ዛሬ ከተወው ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

የማርቆስ ልጅ፦
እኔ የምፈራው ቀብዱን ነው። ሰውዬው ብሩን ተቀብሎ ቢጠፋ ወንድምሽ ለፖሊስ ምን ብሎ ያመለክታል? "ሎተሪ ላጭበረብርበት የሰጠሁት ብር ተበላ" ሊል ነው? ሰውዬው ይህን አስቀድሞ አስቦታል። ባይጠፋም "እናገራለሁ" እያለ ሌላ ብር መጠየቁ አይቀርም። ዛሬውኑ የንስሐ አባታችሁን ወይ አጎታችሁን ጥሪ። እህት ብቻዋን ስትናገር አይሰማም፣ ሽማግሌ ሲቀመጥ ግን ያፍራል። ገበያው ሳይደርስ ይሁን።

ጣና ዳር፦
"የሚቀበለን ሰው አለ" ለሚለው አንድ ታሪክ ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ኤዲ ቲፕተን የሚባል ሰው ሎተሪ የሚያካሂደው ማኅበር የኮምፒውተር ደኅንነት ኃላፊ ነበር። ቁጥር የሚያወጣው ፕሮግራም ውስጥ ድብቅ ኮድ አስገብቶ በተወሰኑ ቀኖች የሚወጡትን ቁጥሮች አስቀድሞ ለመገመት ቻለ። በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ዕጣ በዚህ መንገድ ወጣለት። ትኬቱን ለማስከፈል ጠበቆች ቢላኩም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይነገር አንከፍልም ተባለ፣ ብሩም ሳይከፈል ቀረ። ትኬቱ የተገዛበት ሱቅ ቪዲዮ ለሕዝብ ሲለቀቅ የሚያውቁት ሰዎች በድምፁ ለዩት። በ2017 እ.ኤ.አ. እስከ 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ማሽኑን በእጁ የያዘ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ በምላጭ ቁጥር የሚፍቅ ሰው የት ይደርሳል?

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም አነበብሁለት። ዝም ብሎ ሰማኝ፤ የወንጀሉን አንቀጽ ሲሰማ ግን "ደግመሽ አንብቢው" አለኝ። አጎታችን ማታ ይመጣሉ። አሁን የሚጠይቀው "ታዲያ ትኬቱን ልቅደደው?" እያለ ነው።

የቡሬ ልጅ፦
ኧረ እንዳይቀደው! ትልቁ ዕጣ ቢያመልጠውም በመጨረሻ ቁጥሮች የሚወጡ አነስተኛ ዕጣዎች አሉ። የዕጣ ማውጫውን ከአዟሪ ይዋስና ከላይ እስከ ታች ያመሳክር፣ ልዩ ዕጣዎቹንም አይዝለል። የመቀበያ ጊዜው ሳያልፍ ይሁን። የተፋቀ ትኬት እውነተኛ ዕጣ ቢኖረውም አይከፈልበትም፤ ስለዚህ ለዚያ ሰው ለአንድ ደቂቃ እንኳ አያስነካው።