ለጋሼ ሙት ዓመት ምን እናድርግ? የማኅበራችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊው፦
ማኅበርተኞች፣ እንደምን ከረማችሁ? የማኅበርተኛችን፣ የልብስ ሰፊው ጋሼ ሙት ዓመት መጋቢት 14 ነው። የሚቀጥለው ጽዋችን ደግሞ የካቲት 12፣ ለሚካኤል። በዚያ ቀን ለልጆቻቸው የምናቀርበው አንድ የተስማማንበት ሐሳብ ቢኖረን ጥሩ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ እንነጋገርበት።

የእኔን ላስቀድም። ለአርባቸው ትልቅ ድንኳን ጥለን ነበር። ሰው ጎረፈ፣ ደስ ይላል። ግን ነዳያኑ ጋ ሳይደርስ ምግቡ አለቀ። ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ነበሩ። ጋሼ በሕይወት ቢኖሩ የራሳቸውን ሳህን ይዘው ይወጡላቸው ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። ይሄኛው እሳቸውን እንዲመስል እፈልጋለሁ።

ከነባር አባላት አንዱ፦
ያልከው እውነት ነው ልጄ። ግን ሙት ዓመቱ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው። ፋሲካ ይለፍና በሬ ጥለን፣ ሰው ጠግቦ በልቶ ነፍስ ይማር ቢል አይሻልም? አርባ ዓመት አብረን ጽዋ የጠጣን ሰው ናቸው። በንፍሮ ሸኘናቸው መባሉ ከበደኝ።

የንስሐ አባታቸው፦
ልጆቼ፣ ቀኑን ባናዛውረው እላለሁ። ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት ስንል የምንቆጥረው ለጸሎቱ ነው። ዋናው ቅዳሴውና ፍትሐቱ ነው። ድግሱ ኋላ የመጣ ነው፤ ስንቱ ቤት በተዝካር ዕዳ ውስጥ እንደገባ ታውቃላችሁ። ንፍሮና ዳቦ ለነዳያን ከቀረበ ምንም የጎደለ የለም።

አንድ ነገር ግን አስቡበት። 14 ሐሙስ ነው። በጾሙ የሥራ ቀናት ቅዳሴ የሚገባው ከሰዓት ነው፣ ወደ 9 ሰዓት ግድም ይወጣል። ሥራ ያላችሁ ከወዲሁ ፈቃድ ጠይቁ። መገበሪያውን፣ ጧፉን፣ ዕጣኑንና ዘቢቡን ከዋዜማው በፊት አድርሱልኝ። የክርስትና ስማቸው እኔ ዘንድ አለ።

ነባሩ አባል፦
እንዲህ ከሆነ እሺ። በሬውን ትቻለሁ። ዳቦውን ግን እኔ ቤት ነው የሚጋገረው፣ ማንም እንዳይነካብኝ።

ሁለተኛ ልጃቸው፣ ከዱባይ፦
ጋሼዎቼ፣ እትዬዎቼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አሠሪዎቼ ፈቃድ ስላልሰጡኝ መምጣት አልችልም። ስለ አባባ ትንሽ ልጻፍ።

እማማ ስታርፍ ትንሿ እህቴ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። አምስት ነን። አባባ ሌላ አላገባም። ሹሩባ መሥራት ከጎረቤት ተማረ። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ በረንዳ ላይ ተራ በተራ እግሩ ሥር ያስቀምጠንና ይሠራን ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ጠማማ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲስቁብኝ አልቅሼ መጣሁ። አልተቆጣኝም። ፈታውና እንደ አዲስ ሠራው። ሲመሽ ነው የጨረሰው።

ሌሊት 10 ሰዓት ይነሳል። ዳዊቱን ይደግማል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ እኛ እንዳንነሳ። እኔ ግን ነቅቼ እሰማው ነበር። አሁንም እዚህ ሌሊት ስነቃ የምሰማው እሱን ነው። በሙት ዓመቱ ዳዊት ቢደገምለት ደስ ይለኛል። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ጸሐፊው፦
እህታችን፣ ይሄን አንብቤ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ብናደርግስ? ዳዊት 150 መዝሙር ነው፣ በ15 ንጉሥ ይከፈላል፣ አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር። እኛ 17 ነን። አሥራ አራታችን አንድ አንድ ንጉሥ እንያዝ፣ የቀሩት ሦስቱ ጸሎተ ነቢያትን፣ መኃልየ ሰሎሞንንና ውዳሴ ማርያምን። አሥራ አምስተኛው ንጉሥ ያንቺ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሁላችንም በያለንበት እንጀምር። እዚያ አንድ ሰዓት ይቀድማል፣ ሰዓትሽን አስተካክይ።

ገንዘብ ያዧ፦
ሳጥን ውስጥ ያለው ለንፍሮውም ለመገበሪያውም ይበቃል። ድንኳን ካልተከራየን ደግሞ ይተርፋል። የሚተርፈው ምን ይሁን?

ልብስ ሰፊው ወጣት፦
ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና የማውቀውን ልናገር። ጳጉሜን ሲገባ ሱቁ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራ ነበር። ዩኒፎርም ነው የምንሰፋው። አቅም የሌላቸው እናቶች ይመጣሉ፤ ጋሼ «ጨርቅ ተርፎኛል፣ የልጁን ልክ ብቻ ልለካ» ይሏቸዋል። ምንም አልተረፈም! ከመርካቶ ራሳቸው ገዝተውት ነው፤ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ልኩን የሚጽፉባት አንዲት ደብተር ነበረች። ስም አይጽፉባትም። ትከሻ፣ ደረት፣ ቁመት፣ በቃ። «ደብተሩን ሌላ ሰው ቢያየው ልጁ እንዳያፍር» ብለውኛል።

የሚተርፈው ብር ጨርቅ ይግዛ። እኔ በነፃ እሰፋለሁ። በየዓመቱ ጳጉሜን፣ ለአሥራ ሁለት ልጆች። የሳቸው ሲንገር የስፌት መኪና ቀበቶው ተበጥሷል እንጂ ደኅና ነው።

ገንዘብ ያዧ፦
ለአሥራ ሁለቱ እንዳይጎድል ከእያንዳንዳችን በወር 50 ብር ብንጨምር ይሸፈናል። እኔ የዛሬውን አስገብቻለሁ።

ጸሐፊው፦
እንግዲህ የካቲት 12 የማነበው ይሄ ነው፣ አስተካክሉኝ። መጋቢት 14 ሌሊት ዳዊቱ ተከፋፍሎ ይደገማል። ከሰዓት ቅዳሴና ፍትሐት። ሲወጣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ንፍሮና ዳቦ፣ መጀመሪያ ለነዳያን፣ እኛ መጨረሻ። ድንኳን የለም። ጳጉሜን ላይ አሥራ ሁለት ዩኒፎርም፣ ስም በማይጻፍበት ደብተር። የልጆቹን ምርጫ ለእናቶቻችን እንተወው፤ ማን ቤት ምን እንደጎደለ እነሱ ያውቃሉ።

ነባሩ አባል፦
ተስማምቻለሁ። የመጀመሪያውን ንጉሥ ስጠኝ፣ «ፍካሬ ዘጻድቃን» በቃሌ ነው።

ሁለተኛ ልጃቸው፣ ከዱባይ፦
ደብተሯ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ናት፣ ከመቀሱ ጋር። ቆልፌው ነበር የመጣሁት። በመጪው ሳምንት ወደ አገር የምትገባ ጓደኛ አለችኝ፣ ቁልፉን በሷ እልካለሁ። ገና ያልተጻፈባቸው ገጾች አሏት።