የጋና ባንክ የተመሠረተው መቼ ነው? የገንዘቡ የሴዲ አኃዞችስ ለምን አይገጥሙም?

ጥያቄ፦
ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የጋናን ማዕከላዊ ባንክ ታሪክ በማዘጋጀት ላይ ሳለሁ ሁለት ነገሮች አስቸግረውኛል። ባንኩ የተቋቋመው አንዳንዱ በ1953 ነው ሲል ሌላው በ1957 ነው ይላል። በሰበሰብኩት የዋጋ ሰንጠረዥም እስከ 2006 ድረስ በአሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው የሸቀጥ ዋጋ በ2008 ወደ ጥቂት ሴዲ ይወርዳል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

መልስ፦
ሁለቱም ዓመታት መሠረት አላቸው፤ የሚያመለክቱት ግን የተለያዩ ተቋማትን ነው። ለጎልድ ኮስት (ለዛሬዋ ጋና)፣ ለናይጄሪያ፣ ለሴራሊዮንና ለጋምቢያ ገንዘብ ያወጣ የነበረው በ1912 የተቋቋመውና መቀመጫው ለንደን የነበረው የምዕራብ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ ሲሆን፣ ቦርዱ በስተርሊንግ (በእንግሊዝ ፓውንድ) ልክ ገንዘብ ከመመንዘር በቀር ወለድ የመወሰንም ሆነ ባንኮችን የመቆጣጠር ሥራ አልነበረውም። በ1953 ሥራ የጀመረው የጎልድ ኮስት ባንክ በዋናነት የንግድ ባንክ ነበር። ነፃነት ሊታወጅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማርች 4 ቀን 1957፣ በጸደቀው ሕግ የጋና ባንክ ተቋቋመ፤ የንግዱ ሥራም ለጋና ንግድ ባንክ ተላለፈ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በእኛ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ለብሔራዊ ባንክና ለንግድ ባንክ እንደተከፈለ ለሚያስታውስ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ስለዚህ 1957ን የምሥረታ ዓመት አድርገው፣ 1953ን በቀዳሚው ተቋም ታሪክ ውስጥ ያስገቡት።

ሌላ መልስ (አክራ የኖረ አባል)፦
ሰንጠረዥዎ አልተሳሳተም። ጁላይ 1 ቀን 2007 ባንኩ ከገንዘቡ ላይ አራት ዜሮ ስላነሳ፣ 10,000 የቀድሞ ሴዲ 1 የጋና ሴዲ ሆኗል፤ በ2006 45,000 ሴዲ የነበረው ዕቃ በአዲሱ 4.50 ነው። በገበያ ግን ነጋዴዎች አንዱን ሴዲ ለዓመታት «አሥር ሺህ» እያሉ ይጠሩት ስለነበር፣ በቃለ መጠይቅ የሚያገኙትን ዋጋ በየትኛው እንደተነገረ ሳያረጋግጡ አይመዝግቡ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰንጠረዡ ግን ከ1964 ይጀምራል። ባንኩስ ከመንግሥት ምን ያህል ነፃ ነው?

መልስ፦
እንግዲያው ሦስት ጊዜ መመንዘር ይኖርብዎታል። በ1965 የጋና ፓውንድ በሴዲ ሲተካ አንዱ ሴዲ 100 ፔኒ፣ ማለትም 8 ሺሊንግ ከ4 ፔኒ ነበር (ፓውንዱ 240 ፔኒ ነው)፤ ስሙም ዛጎል ከሚለው የአካን ቃል የተወሰደ ነው። በ1967 ደግሞ 1.20 ሴዲ 1 አዲስ ሴዲ ሆነ፤ በ2007 አራት ዜሮ የተነሳለት «የቀድሞ ሴዲ» ይኸው ነው። የ1964 5 ፓውንድ 12 ሴዲ፣ ቀጥሎ 10 አዲስ ሴዲ፣ ዛሬ 0.001 የጋና ሴዲ ነው፤ ይህም የአንድ ፔሴዋ (የሴዲ መቶኛ) አንድ አሥረኛ ስለሆነ ከነጥብ በኋላ ያሉትን አኃዞች አይቁረጧቸው።

ስለ ነፃነቱ፣ የ2002ቱ ሕግ የዋጋ መረጋጋትን የባንኩ ዋና ዓላማ አድርጎ ወለዱን የሚወስን የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ አቋቁሟል፤ የ2016ቱ ማሻሻያም ለመንግሥት የሚሰጠውን ብድር በመንግሥት የቀደመው ዓመት ገቢ 5 በመቶ ገድቧል። ሆኖም በ2022 መንግሥት ከውጭ ገበያ መበደር ሲሳነው ባንኩ ከጣሪያው እጅግ አልፎ አበድሮታል፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር የዋጋ ንረቱ 54.1 በመቶ ደረሰ። ለንረቱ የሴዲው መዳከምና የዓለም ገበያ ዋጋም ድርሻ ስላላቸው ብድሩን ብቸኛ ምክንያት አያድርጉት፤ ሕጉንና አፈጻጸሙን ግን በአንድ ምዕራፍ ጎን ለጎን እንዲያስቀምጡ አጥብቄ እመክራለሁ።