ክርስትና ከአይሁድ ሃይማኖት የተለየው መቼ ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቤተ ክርስቲያን በበዓለ ጰራቅሊጦስ መመሥረቷን በሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ ይሁን እንጂ የሐዋርያት ሥራን ሳነብ ጴጥሮስና ዮሐንስ ከዚያ በኋላም በጸሎት ሰዓት ወደ ቤተ መቅደስ ሲወጡ አገኛቸዋለሁ። ታዲያ ሁለቱ ሃይማኖቶች የተለያዩት መቼ ነው? ቤተ መቅደሱ በ70 እ.ኤ.አ. ሲፈርስ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ ምን ያህል ያስኬዳል?

መልስ 1፦
አንድ ዓመት ለይቶ መፈለጉ አያዋጣም፤ ነገሩ የጀመረው በማዕድ ላይ ነው። ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን በተባሉባት በአንጾኪያ ቅዱስ ጴጥሮስ ካልተገረዙ አሕዛብ ጋር ይበላ ነበር፤ የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መሪ ከነበረው ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ከማዕዱ አፈገፈገ፣ በርናባስም ሳይቀር ተከተለው፣ ቅዱስ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሠጸው። ሦስቱም አይሁድ መሆናቸውን ልብ በሉ። ክርክሩ በክርስቶስ ስለማመን ሳይሆን፣ ያመነ አሕዛብ ሳይገረዝ ከአብርሃም ልጆች ጋር በአንድ ገበታ ይቀርባል ወይ የሚል ነበር። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ግዝረት እንዳይጫንባቸው መወሰናቸው፣ ቀድሞም ምኩራብ እየመጡ ኦሪትን ይሰሙ ለነበሩት ግሪኮች በሩን በሰፊው ከፈተላቸው። ጴጥሮስ ለተግሣጹ ምን ብሎ እንደመለሰ ግን የገላትያ መልእክት አይነግረንም።

መልስ 2፦
በእኔ እምነት ከቤተ መቅደሱ መፍረስ ይልቅ ተከትሎት የመጣው ግብር ይበልጥ ለያይቷል። ቄሣር ቬስፓስያን፣ አይሁድ ለቤተ መቅደሳቸው ይከፍሉት የነበረውን ሁለት ድራክማ (የግሪክ የብር ገንዘብ) በሮም ላለው ለጁፒተር ቤተ ጣዖት እንዲከፍሉ አዘዘ። በልጁ በቄሣር ዶሚትያን ዘመን የግብሩ አሰባሰብ እጅግ ከመክረሩ የተነሣ፣ ታሪክ ጸሐፊው ሱኤቶንዮስ በወጣትነቱ የ90 ዓመት ሽማግሌ ተገርዞ እንደሆነ ሰው በሞላበት ሸንጎ ሲመረመር ማየቱን ጽፏል። ከዶሚትያን በኋላ የነገሠው ኔርቫ በ96 እ.ኤ.አ. ይህን በደል አስቀረ። አይሁዳዊው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግብር ሰብሳቢው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ግን ሁሉም ወገኑን ለይቶ መናገር ነበረበት።

መልስ 3፦
መለያየቱ በዚያ ዘመን ያበቃ እንዳይመስላችሁ። ዮሐንስ አፈወርቅ በዚያችው በአንጾኪያ ቄስ ሳለ፣ ከ386 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በአይሁድ በዓላት ወደ ምኩራብ የሚሄዱ ምእመናንን ደጋግሞ ገሥጿል። በእነዚያ ስብከቶች በአይሁድ ላይ የተናገረው ቃል እጅግ የከረረ ነው፤ በኋላ ዘመን ለጥላቻ መሣሪያ መሆኑም ያሳዝነኛል። ቁጣው ግን ራሱ ማስረጃ ነው፤ የሚሄድ ባይኖር ማንን ይገሥጽ ነበር? አንድ ክርስቲያን ነኝ ባይ አንዲትን ሴት ለመሐላ ወደ ምኩራብ ሲጎትታት ደርሶ እንዳስጣላት ይተርካል። ስለምን ወደዚያ ትወስዳታለህ ቢለው፣ ሰውየው በምኩራብ የሚማል መሐላ ይበልጥ ያስፈራል ሲሉ ስለሰማሁ ነው ብሎ መለሰለት።