የቆየ የላም በረት ለፈረሶች ይሆን እንደሆነ ምክራችሁን እሻለሁ

ልገዛው የተቃረብሁት እርሻ ቀድሞ የወተት ላሞች ይታሰሩበት የነበረ አሮጌ የእንጨት በረት አለው፤ እኔም ሁለት ፈረሶቼን እዚያው ለማኖር ስላሰብሁ፣ ውሉን ከመፈረሜ በፊት ነገሩን የምታውቁ እንድታማክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጣሪያው አያፈስም። ያሳሰበኝ የምሰሶዎቹ ግርጌ ነው፤ ከውጭ ጤነኛ የሚመስለውን አንዱን ምሰሶ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት በኩል በቢላዋ ብወጋው፣ ስለቱ ያለ ምንም ትግል እስከ ግማሹ ገባ። ሻጩ «እርጥበት ነው፣ በበጋ ይደርቃል» ቢለኝም አልተቀበልሁትም፤ የበሰበሰ እንጨት ቢደርቅ ጥንካሬው አይመለስምና።

ሁለተኛው ችግር ከፍታው ነው። የድርቆሽ ቆጡ ከወለሉ 2.10 ሜትር ብቻ ስለሚርቅ፣ ፈረስ ደንግጦ ራሱን ሽቅብ ቢወረውር አናቱ ከወራጁ ጋር ይላተማል፤ ከላይ የሚረግፈው አቧራም ለሳንባው አይበጅም። ለአንድ ፈረስ በተለምዶ የሚመከረውን 3.6 በ3.6 ሜትር ጋጣ ለማውጣት ደግሞ ሁለት ምሰሶዎችን ማንሳት ሊኖርብኝ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆንም፣ እሱን በጎማ ምንጣፍና በወፍራም ጉዝጓዝ እሸፍነዋለሁ።

የበሰበሰውን ግርጌ ቆርጦ ምሰሶዎቹን በኮንክሪት መሠረት ላይ ማቆም ይበቃ ይሆን? ቆጡ ቢነሳስ ግድግዳዎቹን አስሮ የያዘው እሱ ከሆነ፣ ወደ ውጭ እንዳይገፉ በምን ይደገፋሉ?